የካውንቲው ጠረጴዛ፦ የአሜሪካ የእርሻ ድጎማና የገበሬው ኮሚቴ ታሪክ

ኤፕሪል 27 ቀን 1933 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በፕላይማውዝ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው)፣ ሌ ማርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከመቶ የማያንሱ ገበሬዎች ወደ ችሎት ገቡ። የተሰየሙት ዳኛ ቻርልስ ብራድሊ ነበሩ። ገበሬዎቹ የመጡት አንድ ነገር ሊያስምሏቸው ነው፤ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው እርሻው በሐራጅ እንዲሸጥ የሚያዝ ወረቀት ዳግመኛ እንዳይፈርሙ። ዳኛው አልምልም አሉ። ከወንበራቸው ጎትተው አወረዷቸው፤ በመኪና ከከተማ አውጥተው በገጠር መንገድ ላይ አንገታቸው ላይ ገመድ አጠለቁ። ዳኛው ያኔም ቃል አልሰጡም። በመጨረሻ አቧራና ቅባት ደፍተውባቸው እዚያው ጥለዋቸው ሄዱ። የግዛቱ ገዥ ወታደር ልከው አካባቢውን በወታደራዊ አዋጅ ሥር አደረጉት።

እነዚህ ሰዎች ሽፍቶች አልነበሩም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሰው የሚያከብራቸው አራሾች ነበሩ። ግን በዚያ ክረምት በአዮዋ ገጠር አንድ ቡሽል በቆሎ፣ ማለትም 25 ኪሎ ያህል፣ በ10 ሳንቲም አካባቢ ይሸጥ ነበር። ከሰል ገዝቶ ከማንደድ በቆሎውን ማንደድ የቀለላቸው ቤተሰቦች በቆሎ እያነደዱ ከበረዶው ተርፈዋል። ገበሬ እህሉን ለማገዶ ሲያደርግ ምን ያህል እንደከፋው ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሌ ማርሱ ድርጊት 15 ቀን በኋላ፣ ሜይ 12፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የእርሻ ማስተካከያ ሕግ የተባለውን ፈረሙ። የአሜሪካ መንግሥት ሰብሉን ለቀነሰ ገበሬ በቀጥታ ገንዘብ መክፈል የጀመረው በዚህ ሕግ ነው። ገንዘቡን ለማደላደል በየካውንቲው አንድ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ በዙሪያውም የዚያው ካውንቲ ገበሬዎች ተቀመጡ። ስለ አሜሪካ የእርሻ ድጎማ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የቢሊዮኑ ቁጥር ነው። የድጎማውን በጎነትም ግፉንም ማወቅ የሚሻ ሰው ግን ወደዚያ ጠረጴዛ ጠጋ ማለት አለበት። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ሚዛኑን የያዘው ጎረቤት ነው። የዚህ ተቋም የዘጠና ዓመት ታሪክ በዚህች አንዲት ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚዛኑ ሐሳብ

የነገሩ ሥር አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው። አውሮፓ ሲዋጋ የአሜሪካ ገበሬ አብዝቶ እንዲያርስ ተለመነ። የስንዴ ዋጋ በቡሽል ከ2 ዶላር በላይ ሆነ። ገበሬው ያንን ዋጋ ተማምኖ በብድር መሬት ጨመረ፣ ትራክተር ገዛ። ጦርነቱ ሲያልቅ አውሮፓ ወደ እርሻዋ ተመለሰች፣ ዋጋው ከ1920 ጀምሮ ቁልቁል ሄደ፣ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ። በ1919 በፓውንድ 35 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ጥጥ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ተኩል ወረደ፤ ስንዴ በቡሽል 38 ሳንቲም ያህል ሆነ።

በዚህ ላይ የእርሻ ሥራ የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ገበሬ ብቻውን ምርቱን ቢቀንስ ጎተራውን ያጎድላል እንጂ ዋጋ አያስነሳም። ስለዚህ ዕዳውን ለመክፈል አብዝቶ ያርሳል። ሁሉም አብዝቶ ሲያርስ ዋጋው ይብሱን ይወርዳል። ከዚህ አዙሪት መውጣት የሚቻለው ሁሉም በአንድነት ሲቀንስ ነው፤ ሁሉን በአንድነት ማስቀነስ የሚችለው ደግሞ መንግሥት ብቻ ነበር።

የዘመኑ የእርሻ ሰዎች አንድ ቃል ይዘው ተነሱ፤ ፓሪቲ። ከ1909 እስከ 1914 ያሉት ዓመታት የገበሬውና የከተማው ዋጋ ሚዛን የጠበቀበት ዘመን ተደርገው ተወሰዱ። ያን ጊዜ አንድ ጋሪ በቆሎ የገዛውን ጫማና ማረሻ ዛሬም ይግዛ፤ ፍትሕ ይህ ነው አሉ። በሞንታና ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ኤም. ኤል. ዊልሰን ሐሳቡን ወደ ሥራ የሚያወርድ ዕቅድ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ እርሻ ቀድሞ ከሚያመርተው ተነስቶ ድርሻ ይወሰንለታል፤ በድርሻው የተወሰነ ገበሬ ይከፈለዋል፤ ድርሻውን የሚያከፋፍሉት ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ ይሆናሉ። የሩዝቬልት የግብርና ሚኒስትር ሄንሪ ዋላስ ዕቅዱን ተቀበሉ። ዋላስ የአዮዋ ልጅ፣ የእርሻ ጋዜጣ አዘጋጅና የተዳቀለ የበቆሎ ዘር ሰው ነበሩ። አባታቸውም ከእሳቸው በፊት ያንኑ ሚኒስቴር መርተዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ጥጡ በቅሏል፣ አሳማውም ወልዷል። ስለዚህ ወደ 10 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ የበቀለ ጥጥ ተመልሶ ታረሰ፤ 6 ሚሊዮን ያህል ግልገል አሳማ ታረደ። ጥጡን ሳይረግጡ በመስመሮቹ መካከል መሄድ የለመዱ በቅሎዎች፣ ቡቃያው ላይ ሂዱ ሲባሉ አሻፈረኝ እንዳሉ በደቡብ ገጠር እስከ ዛሬ ይተረካል። ሕዝቡ እየተራበ ምግብ መጥፋቱ አገሩን አስቆጣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ትርፉን ሥጋና እህል ለችግረኛ የሚያድል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ማኅተም ያለበት ጎተራ

ከሕጉ ጋር አብሮ የመጣው ሌላው ነገር ብድር ነው። በኦክቶበር 1933 የተቋቋመው የምርት ብድር ኮርፖሬሽን ለአዮዋ ገበሬ በቆሎውን መያዣ አድርጎ በቡሽል 45 ሳንቲም አበደረው። አሠራሩ ለገበሬው የሚመች ነበር። የካውንቲው ሰው ወደ እርሻው ይመጣል፣ ጎተራውን ለክቶ ስንት ቡሽል እንደያዘ ያሰላል፣ በሩን ዘግቶ ማኅተም ይለጥፍበታል። ዋጋው ከ45 ሳንቲም ቢበልጥ ገበሬው በቆሎውን ሸጦ ብድሩን ይመልሳል፣ ትርፉንም ይይዛል። ዋጋው ቢወርድ በቆሎውን ለመንግሥት ያስረክባል፤ ሌላ ዕዳ የለበትም። ያ ማኅተም ለብዙ ቤተሰብ ከዕዳ እስራት የመጀመሪያው እፎይታ ነበር። ዋላስ ይህን በጥጋብ ዓመት አከማችቶ በረሃብ ዓመት የማውጣት ሐሳብ ከጥንት ቻይና የጎተራ ሥርዓት ካነበቡት አገኘሁት ይሉ ነበር። የእኛ አንባቢ ደግሞ የዮሴፍንና የፈርዖንን ሰባት ዓመት ያስታውሳል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ ማን ባለፉት ዓመታት ስንት ኤከር እንደዘራ ማጣራት ነበረበት። ክፍያው በዚያ ላይ ስለሚሰላ ገበሬው ቁጥሩን ቢያሳድግ አይገርምም። ስለዚህ የስንዴ ገበሬዎች ያስመዘገቡት ኤከርና ምርት በካውንቲው ጋዜጣ ላይ በየስማቸው ታተመ። ጎረቤት የጎረቤቱን ቁጥር አነበበ። አንድ ሰው ያላረሰውን አረስኩ ቢል አጥሩን የሚጋራው ሰው ያውቀዋል። ከዋሽንግተን የተላከ ተቆጣጣሪ የማያየውን የሰፈር ዓይን ያያል፤ የኮሚቴው ጥንካሬ ያ ነበር። ድክመቱም ከዚያው ይወለዳል።

ልኬቱም እየረቀቀ ሄደ። መጀመሪያ በሰንሰለትና በሚንከባለል ጎማ ነበር የሚለካው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አውሮፕላኖች የአገሪቱን እርሻ ከሰማይ ፎቶ አነሱት። ፎቶው ሲጎላ አንድ ኢንች 660 ጫማን እንዲወክል ተደርጎ ይታተማል፤ በዚህ ስሌት በወረቀቱ ላይ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች የሆነች ካሬ ልክ 10 ኤከር ትሆናለች። የቢሮው ሠራተኛ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ በእርሳስ የማሳውን ዳር ያሰምራል፣ ፕላኒሜትር የተባለውን ክንድ ያለው መሣሪያ በመስመሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፤ ዙሩ ሲያልቅ መሣሪያው የማሳውን ስፋት በቁጥር ይሰጠዋል። ገበሬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያቺን ቁጥር ይጠብቃል። ከተፈቀደለት ግማሽ ኤከር ቢበልጥ የበለጠውን ማጥፋት ወይም ክፍያውን ማጣት ሊሆንበት ይችላል። የአሜሪካ ገበሬ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የተያየው በአብዛኛው በዚህች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቲሮንዛ፦ ግማሽ ሳንቲም

በሰሜን ባለመሬቱና አራሹ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። በደቡቡ የጥጥ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሬቱ የጥቂቶች ነው፤ የሚያርሱት እኩል አራሾች ናቸው፤ ጥቁሮችም ነጮችም። ጭሰኝነትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህን አራሽ ኑሮ ሳይነገረው ይረዳዋል። ዘሩን ከባለመሬቱ፣ ዱቄቱን በዱቤ ከባለመሬቱ ሱቅ ይወስዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲተሳሰብ እጁ ላይ የሚቀር የለም።

የ1934 እና የ1935 የጥጥ ውል ለዚህ አራሽ ያዳላ አልነበረም። ከእርሻ ለወጣው መሬት በፓውንድ 3 ሳንቲም ተኩል ኪራይ ሙሉ በሙሉ ለባለመሬቱ ይከፈላል። ከዚህ ሌላ 1 ሳንቲም የሚዛን ክፍያ አለ፤ እሱ ለሁለት ይካፈላል። ከ4 ሳንቲም ተኩሉ 4 ሳንቲም ለባለመሬቱ፣ ግማሽ ሳንቲም ለአራሹ ማለት ነው። አራሹን ከመሬቱ ያስወጣ ባለመሬት ደግሞ ያቺን ግማሽ ሳንቲምም ያስቀራታል። ውሉ አራሾችን እንዲያቆዩ ያዝዛል፤ ግን «በተቻለ መጠን» በሚል ቃል የታሰረ ነበር። የተቻለውንና ያልተቻለውን የሚፈርደው የካውንቲው ኮሚቴ ነው፤ በኮሚቴው ላይ የተቀመጡት ደግሞ ባለመሬቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ከሳሹ አራሽ ዳኛውን ቀና ብሎ ሲያይ ያባረረውን ሰው ወይም የእሱን ወዳጅ ያያል።

በአርካንሶ ግዛት በፖይንሴት ካውንቲ ቲሮንዛ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አንድ ባለመሬት ከእርሻው አራሾችን ማስወጣት በጀመረ ጊዜ፣ በጁላይ 1934፣ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው የደቡብ አራሾች ማኅበርን መሠረቱ። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር በአንድ ማኅበር መቀመጥ ራሱ ሕይወትን የሚያስከፍል ነገር ነበር። የነዳጅ ማደያ የነበረው ክሌይ ኢስትና የልብስ ንጽህና ቤት የነበረው ኤች. ኤል. ሚቸል ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። አባሎቻቸው ተደበደቡ፣ ቤታቸው በጥይት ተደበደበ፣ ስብሰባቸው ተበተነ። ጩኸቱ ዋሽንግተን ሲደርስ የእርሻ ሕጉን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ጠበቆች በጄሮም ፍራንክ መሪነት ውሉን ለአራሹ በሚያደላ መንገድ ተረጎሙት፤ ባለመሬት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን እነዚያኑ ሰዎች ማቆየት አለበት አሉ። በፌብሩዋሪ 1935 ትርጓሜው ተሻረ፣ ፍራንክና ባልደረቦቹም ተባረሩ። ዋላስ ለጠበቆቹ አለመከላከላቸው በስማቸው ላይ የቀረ ጥላ ነው።

የድጎማው ገንዘብ ለባለመሬቱ ትራክተር መግዣ ሆነ፤ ትራክተሩም አራሹን አላስፈላጊ አደረገው። የሚቸልና የኢስት የሥራ ቦታ በነበረው የቲሮንዛ ሕንፃ ዛሬ የአራሾቹ ሙዚየም አለ። ድጎማ መሬትን ተከትሎ ሲከፈል መሬት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ከየትኛውም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ይልቅ ያ ሕንፃ ያስተምራል።

የፊልበርን ስንዴ

በጃንዋሪ 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የ1933ቱን ሕግ ሻረው። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ወር ውስጥ ክፍያውን በአፈር ጥበቃ ስም መልሶ አቆመው፤ በ1938 ደግሞ ድርሻንና ቅጣትን የያዘ አዲስ ሕግ አወጣ።

ያ ሕግ በኦሃዮ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሮስኮ ፊልበርን ከሚባል ገበሬ ጋር ተጋጨ። ለ1941 ምርት የተፈቀደለት 11.1 ኤከር ነበር፤ እሱ 23 ኤከር ዘራ። ከተፈቀደው በላይ ባለው ማሳ 239 ቡሽል አገኘ፤ በቡሽል 49 ሳንቲም ተሰልቶ 117 ዶላር ከ11 ሳንቲም ቅጣት ተጣለበት። ፊልበርን ስንዴው ለከብቴ፣ ለቤቴ ዱቄትና ለዘሬ ነው፣ ገበያ አልወጣም፣ መንግሥት ምን አገባው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1942 በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በጻፉት ፍርድ፣ ለቤቱ ያመረተ ሰው ከገበያ አይገዛም፤ ብዙዎች እንዲህ ቢያደርጉ የአገሪቱ ገበያ ይነካል፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ የመወሰን ሥልጣን አለው ተባለ። በአንድ ካውንቲ ቢሮ የተጻፈች ቁጥር የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ወሰን አሰፋች። ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፊልበርንን የማያውቅ ተማሪ የለም።

የተነፈገው ወንበር

ክፍያውንና ኮሚቴዎቹን የሚመራው መሥሪያ ቤት ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ገበሬው በእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት «ትሪፕል ኤ» ይለው የነበረው በ1945፣ በ1953፣ በ1961 አዲስ ስም ወጣለት፤ ከ1994ቱ መልሶ ማደራጀት በኋላ ደግሞ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ተባለ። ጠረጴዛውና በገበሬ የሚመረጠው ኮሚቴ ግን ከስም ወደ ስም ተላልፈው ቆዩ።

በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የዚህን ኮሚቴ ክብደት ማንም አልሳተውም። የጥጥ ድርሻን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ድርሻ መቀነስ ቤተሰብን ከመሬቱ የሚያስነቅል ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነበር። ጥቁር ገበሬዎች በብዛት በሚኖሩባቸው ካውንቲዎች እንኳ እስከ 1960ዎቹ በካውንቲ ኮሚቴ ወንበር ላይ ጥቁር ማየት አይቻልም ነበር።

የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል ኮሚቴ የተባለው የሲቪል መብት ድርጅት ወጣቶች በ1964 አንድ ነገር አስተዋሉ። በሚሲሲፒ ለፖለቲካ ምርጫ ለመመዝገብ ጥቁር ሰው በፈተናና በማስፈራሪያ ይከለከላል። በእርሻ ኮሚቴ ምርጫ ግን ማንበብና መጻፍ አይጠየቅም፤ አራሽ መሆን ይበቃል፤ እኩል አራሽም ይመርጣል። ወጣቶቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የድምፅ ወረቀቱን አሳዩ። ከዚያ በፊት ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ብዙዎች ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ያወቁም ባለመሬቱን ፈርተው ዝም ብለዋል። በዲሴምበር 1964 በሚሲሲፒ፣ በሚቀጥለው ዓመትም በአላባማ ጥቁር ገበሬዎች ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ድብደባም መባረርም ደረሰባቸው። በአንዳንድ ካውንቲዎች ደግሞ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ብዙ ጥቁሮችን ያለፈቃዳቸው በዕጩነት ጨምረው ድምፁ እንዲበታተን አደረጉ። የዚያን ጊዜ ድል ከካውንቲው ኮሚቴ በታች ባሉት በጥቂት የመንደር ኮሚቴ ወንበሮች ተወስኖ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ማን ቢቀመጥ ምን እንደሚለወጥ ግን እነዚያ ገበሬዎች ከማንም ቀድመው ተረድተው ነበር።

በ1920 በአሜሪካ ወደ 925,000 የሚጠጉ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1997 ከ20,000 በታች ወርደዋል። ሁሉን ያጠፋው ኮሚቴው አይደለም፤ ወደ ሰሜን የተደረገው ፍልሰት፣ የእርሻ ማሽን መምጣት፣ የጥጥ ዋጋ ሁሉም እጃቸው አለበት። ሆኖም የዘር ጊዜ ሳያልፍ ብድር የሚያስፈልገው ገበሬ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ብድር ሲፈቀድለት፣ ወይም ጎረቤቱ ያገኘውን ክፍያ ሲከለከል፣ ያ ጥፋት አድራሻ አለው። በ1983 የግብርና ሚኒስቴር የሲቪል መብት አቤቱታ የሚመረምረውን ክፍል አፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት አቤቱታዎች መርማሪ አጥተው ተከማቹ።

በ1997 የሰሜን ካሮላይናው ገበሬ ቲሞቲ ፒግፎርድና ሌሎች ጥቁር ገበሬዎች ሚኒስቴሩን ከሰሱ። ይርጋው አልፏል እንዳይባል ምክር ቤቱ በ1998 የጊዜ ገደቡን አነሳላቸው። በኤፕሪል 1999 ዳኛ ፖል ፍሪድማን ስምምነቱን አጸደቁ፤ በአጭሩ መንገድ ማስረጃ ያቀረበ ገበሬ 50,000 ዶላርና የዕዳ ስረዛ ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ ዘግይተው ለመጡት ደግሞ በ2010 ሌላ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ለአንዳንዱ ቼኩ ሲደርስ መሬቱ በሐራጅ ከተሸጠ ቆይቷል። ገንዘብ የጠፋን ዘመን አይመልስም።

መሬትን የሚከተል ገንዘብ

ድርሻ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ወረቀቱ ራሱ ዋጋ አወጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ ቢሊ ሶል ኤስቲስ የሚባል ነጋዴ የሌሎችን የጥጥ ድርሻ በይስሙላ የመሬት ሽያጭ እያዛወረ አከማቸ። ነገሩን ይመረምሩ የነበሩት የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ሄንሪ ማርሻል በጁን 1961 በአምስት ጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። መጀመሪያ ራሳቸውን ገደሉ ተባለ፤ ሞታቸው ግድያ ተብሎ በመዝገብ የተስተካከለው በ1985 ነው። የትንባሆ ድርሻም እንደ ርስት ይወረስ፣ ይከራይ ነበር፤ በ1938 የተጀመረውን ያን ሥርዓት መንግሥት በ2004 ሲያቆም ለባለድርሻዎቹ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተደረገ።

የክፍያው መልክም ተቀያየረ። በ1973 መንግሥት የታለመ ዋጋ እያወጣ ከገበያ ጋር ያለውን ልዩነት መክፈል ጀመረ። በ1985 ቁልቁለትና በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሣር የሚሸፍን ገበሬ እንዲከፈለው ተደረገ፤ ብዙ አፈር የተረፈው በዚህ ፕሮግራም ነው። በ1996 ክፍያው ከሚዘራው ሰብል ተላቀቀ፤ ቀድሞ በተመዘገበው ኤከር መሠረት የፈለገውን ቢዘራም ባይዘራም የሚከፈል ሆነ። ይህ አሠራር ከፍ ያለ ጉድለት ነበረበት። ዋሽንግተን ፖስት በ2006 ባደረገው ምርመራ ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ምንም ለማያርሱ ሰዎች መከፈሉን ጻፈ፤ በቴክሳስ የቀድሞ የሩዝ ማሳ ላይ ቤት የሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ቼክ ይደርሳቸው ነበር። ምክር ቤቱ ቀጥተኛ ክፍያውን በ2014 አቆመው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የተከፋዮችን ስምና መጠን ዘርዝሮ ለሕዝብ አወጣ። በ1933 የሰፈሩ ጋዜጣ ያደረገው በአዲስ መልክ ተመለሰ። በየካውንቲው ሰዎች የጎረቤታቸውን፣ የአጎታቸውን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያቸውን ስም ፈለጉ። ያው ድርጅት ባሰላው መሠረት ከ1995 እስከ 2021 ከሰብል ድጎማው 78 በመቶ ያህሉ ለላይኛዎቹ 10 በመቶ ተቀባዮች ሄዷል። ለዚህ ክፋት ያለው ሰው መፈለግ አያሻም። ክፍያው በኤከር እስከተሰላ ድረስ ብዙ ኤከር ያለው ብዙ ያገኛል። ብዙ ያገኘውም የጎረቤቱን መሬት ለመከራየት የበለጠ ማቅረብ ይችላል፤ ኪራዩ ይንራል፤ ወጣቱ ጀማሪ በሩ ይዘጋበታል።

ዛሬ ካውንቲው በሒሳቡ ውስጥም ገብቷል። ከ2014ቱ ሕግ በመጣው አንድ ፕሮግራም የአንድ ገበሬ ክፍያ የሚታየው በካውንቲው አማካይ ገቢ ነው። የራሱ ማሳ በበረዶ ቢጠፋ ካውንቲው በአማካይ ከተረፈ በዚህ በኩል አያገኝም። በ2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስትጥል መንግሥት የማካካሻ ክፍያ ጀመረ፤ በ2019 ለእያንዳንዱ ካውንቲ በኤከር ከ15 እስከ 150 ዶላር የሚደርስ የተለያየ ተመን ወጣ። መንገድ የሚለያቸው፣ አንድ ዓይነት ሰብል የዘሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ መንገዱ የካውንቲ ወሰን በመሆኑ ብቻ የተለያየ ቼክ ተቀበሉ። በወረርሽኙ ዓመት በ2020 በቀጥታ ለገበሬ የተከፈለው ገንዘብ ወደ 46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

ከጎተራው ወደ እኛ

በእነዚያ ማኅተም በተለጠፈባቸው ጎተራዎችና በኋላ በየከተማው ዳር በተሰለፉት የመንግሥት የብረት ጎተራዎች የተከማቸው እህል አንድ ቀን መውጫ ያስፈልገው ነበር። በጁላይ 1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ትርፉ እህል ወደ ውጭ አገር በዕርዳታና በቀላል ዋጋ የሚላክበትን መንገድ ከፈተ። ኢትዮጵያውያን የዚህን ሕግ ፍሬ እናውቀዋለን። በ1977ቱ ድርቅ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ የተጨበጡ ሁለት እጆች የታተሙበት ጆንያ በየመጠለያው ተራግፏል። ብዙ ነፍስ ያተረፈ እህል ነው፤ ውለታውን መርሳት ነውር ይሆናል። እዚያ ማዶ ዋጋ ለማስጠበቅ የተከማቸ እህል እዚህ ሲራገፍ ደግሞ የአገር ገበሬን ዋጋ ሊጥል ይችላል፤ ይህንንም አብሮ ማወቅ ይገባል። በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ የሀብታም አገሮች የጥጥ ድጎማ ገበሬዎቻችንን እያደኸየ ነው ብለው በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት አቤት አሉ። በቴክሳስ ካውንቲ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈች ቁጥር በማሊ ማሳ ላይ ትደርሳለች።

ፖስታው

ዛሬ በአሜሪካ ከ2,100 በላይ የካውንቲ ቢሮዎች አሉ፤ ከ7,000 በላይ ገበሬዎችም በኮሚቴዎቹ ያገለግላሉ። ካውንቲው በክፍል በክፍል ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ወኪሉን ለ3 ዓመት ይመርጣል። ዕጩ መሆን የሚሻ ራሱን ማቅረብ ይችላል። ቀድሞ ውክልና ያጡ ወገኖችን የሚወክል ድምፅ ያለው አባል መሾም የሚያስችል ሕግም ወጥቷል። ይህ ሁሉ በቲሮንዛ የጮኹት፣ በሚሲሲፒ የተደበደቡት፣ በፒግፎርድ መዝገብ ስማቸውን ያስገቡት ሰዎች ያተረፉት ነው።

ድጎማው ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር በየአምስት ዓመቱ ገደማ ከእርሻ ሕጉ ጋር ይነሳል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነው። የሌ ማርስ ገበሬዎች ያሰቃያቸው ችግር እውነት ነበር፤ መፍትሔውም ብዙ ቤት አቁሟል። ገንዘቡ መሬትን ብቻ እንዲከተል ሲደረግ ግን መሬት የሌለውን ጥሎ ሄደ፤ ክፍፍሉ ለጎረቤት ሲሰጥ ደግሞ ጎረቤቱ ፍትሐዊ በሆነበት ቦታ ፍትሐዊ፣ ግፈኛ በሆነበት ቦታ ግፈኛ ሆነ። ለገበሬ ድጋፍ የሚያስብ ማንኛውም አገር ስለ ገንዘቡ መጠን ከመጨነቁ በፊት ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥና አቤቱታ ያለበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ መወሰን አለበት።

በየዓመቱ በኖቬምበር መጀመሪያ የድምፅ ወረቀቱ በፖስታ ወደ ገበሬው ቤት ይደርሳል፤ እስከ ዲሴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ቆጠራው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። የሚመልሰው ገበሬ ጥቂት ነው፣ ሲቆጠር ቆሞ የሚያየውም እንዲሁ። በ1964 ሰዎች ይህችኑ ፖስታ በእጃቸው ይዘው ወደ ፖስታ ቤት ሲሄዱ ከቤታቸው እንደሚባረሩ እያወቁ ሄደዋል። እነሱ የከፈሉበትን ወረቀት ዛሬ ከማስታወቂያ ጋር አብሮ የሚጥል ገበሬ፣ ወንበሩን ለማን እየተወ እንደሆነ ቆም ብሎ ቢያስብ ይገባዋል።